እንዴት የቤዝቦል ሬዲዮ ኮሜንታተር መሆን ይቻላል?

ደምሴ ዳምጤ ኳስ ሲያስተላልፍ ሬዲዮ ከብቦ የሰማ ሰው የዚህን ሙያ ግማሽ ያውቀዋል። አድማጩ ሜዳውን አያይም፤ የምታዩለት እናንተ ናችሁ። ቀሪው ግማሽ ግን ከእግር ኳስ ይለያል። በቤዝቦል ኳሷ በእንቅስቃሴ ላይ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን ሌላው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። በአሜሪካ ከፍተኛ ሊግ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ አለው፤ አንዱ ጨዋታ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ኮሜንታተሩ የሚፈተነው ሆም ራን (ኳሷን አጥር የሚያሻግር ምት) ሲመታ ሳይሆን ምንም ነገር በማይፈጠርበት ሰዓት ነው።

1. ጨዋታውን በእርሳስ ተማሩት

የውጤት መመዝገቢያ ደብተር ግዙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየጻፋችሁ ተመልከቱ። ተጫዋቾቹ የሚመዘገቡት በቦታቸው ቁጥር ነው። ወርዋሪው 1፣ ከመቺው ኋላ ተቀምጦ የሚይዘው 2፣ የአንደኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ማዕዘኖች አንዱ) 3፣ የሁለተኛው 4፣ የሦስተኛው 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው፣ ሾርትስቶፕ የሚባለው 6፣ የውጪው ሜዳ ሦስቱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9 ናቸው። «6-4-3» ከተጻፈ ሾርትስቶፑ ለሁለተኛው ቤዝ፣ እሱም ለአንደኛው ወርውሮ በአንድ ምት ሁለት ሰው አውት ሆነ (ከተራው ወጣ) ማለት ነው። ይህ መቺ ቀደም ሲል ምን አደረገ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው እዚህ ወረቀት ላይ ነው።

ከቤዝቦል ጋር አላደግንም ብላችሁ አትስጉ። ሃይሜ ሃሪን እ.ኤ.አ. በ1955 ከኢኳዶር ወደ አሜሪካ ሲመጣ ስለ ጨዋታው የሚያውቀው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚሠራበት የስፓኒሽ ሬዲዮ ጣቢያ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስን ጨዋታ ሊያስተላልፍ ሲነሳ፣ መማሪያ ጊዜ ጠይቆ ተማረና በ1959 ማይክሮፎኑን ያዘ፤ የለቀቀው በ2022 ነው። መጀመሪያ አካባቢ ቡድኑ ከከተማ ሲወጣ እሱ አይከተልም ነበር። ስቱዲዮ ተቀምጦ እነ ቪን ስከሊ በእንግሊዝኛ የሚያስተላልፉትን እያዳመጠ፣ ሜዳው ላይ እንዳለ ሰው በስፓኒሽ ያስተላልፋል።

2. ድምፅ አጥፍታችሁ ተለማመዱ

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝጉና ስልካችሁ ላይ እየቀዳችሁ አስተላልፉ። የአካባቢያችሁ ሃይስኩል ሜዳ ካለው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ቴሌቪዥን የሚያየውን መርጦ ያሳያችኋል፣ ሜዳ ላይ ግን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እንዲህ ያለ ነገር መውጣት አለበት (ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ስትራይክ በመቺው ላይ፣ ቦል ደግሞ በወርዋሪው ላይ ይቆጠራል)፦

«እንግዳው ቡድን 3፣ ባለሜዳው 2። ሰባተኛው ኢኒንግ፣ አንድ አውት፣ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ አለ። ሁለት ቦል፣ አንድ ስትራይክ። ወርዋሪው ዞር ብሎ ሯጩን አየው… ወረወረ… መታት! መሬት ለመሬት ወደ ሾርትስቶፑ፣ ያዛት፣ ወደ አንደኛው ቤዝ ወረወረ… አውት! ሯጩ ካለበት አልተነቃነቀም።»

ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የተነገረው የኳሷ አካሄድ ነው። የመቺውን የሕይወት ታሪክ ለኋላ አቆዩት። ኳሷ የት እንዳለች ሳይነገረው «ኧረ ጉድ!» የሚል ጩኸት ብቻ የሚሰማ አድማጭ ጣቢያ ቢቀይር አይፈረድበትም።

ውጤቱን ደግሞ ደጋግማችሁ ተናገሩ። ለብሩክሊን ዶጀርስ (ያው ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ከመዛወሩ በፊት) ያስተላልፍ የነበረው ሬድ ባርበር እንቁላል መቀቀያ የምትሆን ባለ 3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ፊቱ ያስቀምጥ ነበር። አሸዋው ሲያልቅ ውጤቱን ተናግሮ ይገለብጣታል። አሁን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ለስንት ናቸው ብሎ ነዋ!

ዝም ማለትም ይለመዳል። ሚያዝያ 8 ቀን 1974 (እ.ኤ.አ.) ሃንክ አሮን 715ኛውን ሆም ራን መትቶ የቤብ ሩትን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ስከሊ ኳሷ አጥር መሻገሯን ተናግሮ አፉን ዘጋ። የአትላንታው ሕዝብ ጩኸት ብቻውን ለረጅም ጊዜ ተሰማ። በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትኛውም ክፍል አይሰጥም።

3. ስንቅ ያዙ

ጨዋታው ከመጀመሩ ብዙ ሰዓት በፊት ስታዲየም ድረሱ። ተጫዋቾቹን አነጋግሩ፤ የስማቸውን አጠራር ከባለቤቶቹ ጠይቁ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት አጫጭር ወሬ በወረቀት ይኑራችሁ፣ አጫጭር መሆናቸው ግን ግድ ነው። ከ2023 ጀምሮ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ ወርዋሪው በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር ስላለበት፣ ጨዋታው በአማካይ በ24 ደቂቃ ገደማ አጥሯል። የድሮዎቹ የሚያወሩት ረጅም ታሪክ ዛሬ መሃል ላይ ይቆረጣል። በሁለት ውርወራ መካከል የሚያልቅ፣ ካላለቀም ለቀጣዩ መቺ ሊሸጋገር የሚችል ወሬ አዘጋጁ።

4. ማይክ ያለበት ቦታ ግቡ

የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ የተለመደው በር ነው፤ ስከሊም የጀመረው በኒው ዮርኩ ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ የታችኛው ሊግ ይመጣል። በከፍተኛው ሊግ 30 ቡድኖች ሥር 120 የታችኛው ሊግ ቡድኖች አሉ፤ አብዛኛው ኮሜንታተር ያደገው እዚያ ነው። ሥራው ግን ማስተላለፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለጋዜጠኞች የሚበተነውን መረጃ ማዘጋጀት፣ ማስታወቂያ መሸጥ፣ ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ ማደር አብሮ ይመጣል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ የቤዝቦል ጨዋታ የሌለበትን የአሜሪካ ክረምት ብዙዎቹ የቅርጫት ኳስ እያስተላለፉ ያልፉታል።

ዕድልም አለበት። ኧርኒ ሃርዌል በ1948 ከአትላንታ የታችኛው ሊግ ቡድን ወደ ብሩክሊን የሄደው በአንድ ተጫዋች ተለውጦ ነው፤ ዶጀርስ ኮሜንታተር ወስዶ ኳስ ያዥ ሰጠ!

5. ናሙናችሁን ላኩ

ሆም ራን በሆም ራን ላይ የደረደረ ቅጂ አትላኩ፤ ሁሉም ሰው ሆም ራን ላይ መጮህ ይችላል። ምንም ነጥብ ያልተቆጠረበት አንድ ሙሉ ግማሽ ኢኒንግ ሳትቆርጡ አስቀድሙ፤ ቀጣሪው የሚፈልገው በዚያ ጊዜ ምን እንዳወራችሁ መስማት ነው። የክለቦች ሰዎች በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ለክረምቱ ስብሰባ ስለሚገናኙ፣ ቅጂው ከዚያ በፊት ተዘጋጅቶ ይቆያችሁ።