አዳኝ ውሻ ሲመርጡ፦ ንጹሕ ዘር ወይስ ክልስ?

«ውሻው የፈረንጅ ነው የሐበሻ?» በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ ወይም በሰበታ ግቢ ያለው ሰው ቡችላ ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ሻጩም ጥያቄውን ስለሚያውቀው መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ስለ ዘር መጠየቁ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ተራው ሁለተኛ ነው። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ውሻው ምን እንዲሠራ እንደሚፈለግ፣ የት እንደሚያድርና ማን እንደሚያሠለጥነው ነው።

በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ ጉዳዩን የሚገዛው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ነው። ስለዚህ በከተማው ዳርቻ አዳኝ ዘር የሚፈለገው ሚዳቋ ወይም ድኩላ እንዲያሳድድ ሳይሆን፣ የአዳኝ ውሻ አፍንጫ፣ ጆሮና ንቃት ለግቢ ስለሚጠቅም ነው። ጃርት ወደ ድንቹ መደብ ሳይደርስ ያሸታል፤ ጅብ ወደ በጎቹ በረት ሲጠጋ ቀድሞ ሰው ይቀሰቅሳል። ከጅብ ጋር ተጋጥሞ የሚያሸንፍ ውሻ የሚፈልጉ ገዢዎች አጋጥመውኛል። ከ60 ኪሎ በላይ ሊመዝን ከሚችል አጥንት ሰባሪ አውሬ ጋር አንድን ውሻ ማጋጠም ውሻውን እንደ መግደል ይቆጠራል። የውሻው ድርሻ መጮህ ነው፤ ለዚያውም ከአጥር ውስጥ ሆኖ።

ንጹሕ ዘር የሚባለው ውሻ ዋና ጥቅሙ አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ለብዙ ትውልድ ለአንድ ሥራ እየተመረጠ ስለተዋለደ ቡችላው ሲያድግ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጠጕሩ ምን እንደሚመስልና ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ በአመዛኙ መገመት ይቻላል። ቢግል 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ የጥንቸል ዱካ እየጮኸ የሚከተል ውሻ ነው። ላብራዶር የወደቀ ዳክዬ ከውኃ አውጥቶ ሳይነክስ ለጌታው እንዲያመጣ የተመረጠ በመሆኑ፣ አፉ ለስላሳ፣ ልቡም ለሰው ሁሉ ክፍት ነው፤ ይህ መልካም ጠባይ ታዲያ ለዘበኝነት ብዙም አይጠቅምም። ፖይንተር ደግሞ ወፍ ሲያሸት ባለበት ደርቆ ይቆምና አቅጣጫውን በአፍንጫው ያመለክታል። እነዚህን ጠባዮች ማንም ሳያስተምራቸው ቡችሎቹ ይዘዋቸው ይወለዳሉ፤ ሥልጠና የሚያደርገው እነርሱን መግራት ብቻ ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ግቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ንጹሕ ፖይንተር ተቀብዬ ሱሉልታ ወሰድሁት። አንድ ቀን ማለዳ ጎረቤታችን የሆኑ እናት በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ውሻህ ዶሮዬ ፊት ቆሞ እየጸለየ ነው እንዴ?» አሉኝ። ብወጣ ውሻው በቆርቆሮው ክፍተት ሾልኮ ገብቶ፣ ግራ እግሩን አጥፎ፣ ጅራቱን እንደ ዘንግ ወጥሮ፣ አፍንጫውን ወደ አንዲት ቀይ ዶሮ አነጣጥሮ ቆሟል። ዶሮዋ ጤፏን ትለቅማለች። እርሱ ትንፋሽ እንኳ የወሰደ አይመስልም። የተፈጠረበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነበር፤ ችግሩ እኔ ያንን ሥራ የማልፈልገው መሆኔ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት በሩን የደበደበውን እንግዳ ሰው ጅራቱን እየቆላ ተቀበለው። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲበረታ ደግሞ በዚያ አጭርና ስስ ጠጕሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚንቀጠቀጥ በአሮጌ ጋቢ እየጠቀለልሁ ከቤት ውስጥ አሳድረው ጀመር። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ መሆኑን ውሻውን ከመቀበሌ በፊት ማሰብ ነበረብኝ።

የንጹሕነት ሌላው ዋጋ ጤና ነው። አንድ ዘር በጥቂት አባቶችና እናቶች ዙሪያ ብቻ ሲዋለድ ከመልካሙ ጋር ክፉውም ይደጋገማል። በትልልቅ ዘሮች፣ በተለይም በጀርመን ሼፐርድ፣ በሮትዋይለርና በላብራዶር፣ የዳሌ መገጣጠሚያ በወጉ አለመግጠም የታወቀ ችግር ነው፤ ቡችላው እንደ ጥንቸል ሁለት የኋላ እግሮቹን አንድ ላይ እያነሣ ሲሮጥ ወይም ከተኛበት ለመነሣት ሲቸገር ይታያል። በውጭ አገር ጠንቃቃ አርቢዎች የወላጆቹን ዳሌ በራጅ ካላስመረመሩ አያዋልዱም። እዚህም ለአንድ ቡችላ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሻጭ የወላጆቹን ራጅ ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ በእኛ አካባቢ ጆሮው የቆመ ትልቅ ውሻ ሁሉ «ጀርመን» ይባላል። ጀርመን ሼፐርድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ እንደ አንድ ዘር የተመዘገበ የበግ እረኛ ውሻ እንጂ አዳኝ አይደለም። ንጹሕነት ራሱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። በደቡባዊ አፍሪካ አንበሳን ከብቦ ለማስቆም ያገለግል የነበረው ሪጅባክ የተገኘው የአካባቢው ነባር የሆኑት የኮይ ሕዝቦች ያረቧቸው፣ በጀርባቸው ላይ ጠጕራቸው ወደ ፊት የሚያድግ ውሾች ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ውሾች ጋር ተዳቅለው ነው፤ መስፈርት የተጻፈለት እ.ኤ.አ. በ1922 ዛሬ ዚምባብዌ ውስጥ ባለችው በቡላዋዮ ከተማ ነው። የዛሬው ንጹሕ ዘር የትናንቱ ክልስ ነበር ማለት ነው።

ወደ ክልሱ ስንመጣ፣ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ ነገሩን ከወተት ላም ያውቀዋል። የሆልስታይን ኮርማ ከቦረና ላም ሲዳቀል የምትወለደው ጊደር ከአባቷ ወገን ወተቱን፣ ከእናቷ ወገን ቻይነቱን ይዛ ትወጣለች፤ ግማሽ ደም የሆኑት እኅትማማቾችም በብዙ ነገር ይቀራረባሉ። ሁለት ግማሽ ደሞች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ግን አንዷ ጥጃ ወደ አያቷ፣ ሌላዋ ወደ ሌላው አያቷ ትሄዳለች፤ ከመዳቀል የተገኘው ብርታትም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የውሻም ሕግ ይኸው ነው። ስለዚህ «ክልስ ነው» የሚል መልስ ሲሰጥዎ «ስንተኛ ትውልድ?» ብለው ይጠይቁ። አባቱ ንጹሕ፣ እናቱ የታወቀች የሐበሻ ውሻ የሆነ የመጀመሪያ ትውልድ ክልስና፣ ከክልስ ክልስ የተወለደ ቡችላ በስም አንድ ቢሆኑም በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ዕቃ አይደሉም።

የወላጆቹ ሥራም መቀራረብ አለበት። ሁለቱም በአፍንጫቸው የሚሠሩ ወይም ሁለቱም በጥበቃ የተፈተኑ ከሆኑ ልጆቹ ከዚያ ብዙ አይርቁም። ደርቆ የሚቆመውን ፖይንተር መንጋ ከሚያሯሩጥ እረኛ ውሻ ጋር ማዳቀል ግን ዕጣ እንደ መጣል ነው፤ ከስድስት ቡችሎች አንዱ የሁለቱን መልካም፣ ሌላው የሁለቱን ድክመት ሊወስድ ይችላል፤ የትኛው የቱን እንደወሰደም በሁለት ወራቸው አይታወቅም።

የሐበሻዋ እናት ለክልሱ የምታወርሰው ነገር ብዙ ጊዜ ይናቃል። እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ብርዱን ለምዳዋለች፤ ጅብ ሲጮህ መቼ መጮህ፣ መቼ ወደ ግቢ መሸሽ እንዳለባት ታውቃለች። ይሁን እንጂ «የሐበሻ ውሻ አይታመምም» የሚለው አባባል ብዙ ቡችሎችን ያስጨረሰ ውሸት ነው። ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ በሽታ ክትባት ያላገኘን ቡችላ ዘሩን ሳይጠይቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ንጹሕም ሆነ ክልስ፣ ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ መደጋገም አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ከ12 ሳምንት በኋላ ተሰጥቶ በሐኪሙ ቀጠሮ ይታደሳል። ጅብና ባለቤት አልባ ውሻ በሚመላለስበት ዳርቻ ይህኛው ለድርድር አይቀርብም።

አሁን ወደ መንገድ ዳር ሻጮች እንምጣ። በካርቶን ውስጥ ከተደረደሩት ቡችሎች መካከል «ንጹሕ» ያልተባለ አይቼ አላውቅም። እኔም አንድ ጊዜ «ንጹሕ ጀርመን» ተብሎ ገዝቼ፣ ጆሮው ይቆማል እያልሁ ስጠብቅ አንድ ዓመት አለፈ፤ አንዱ ቆመ፣ ሌላው እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ ታጠፈ ቀረ። ውሻው ክልስ በመሆኑ አልተከፋሁም፤ እንዲያውም ካሳደግኋቸው ሁሉ የበለጠ ንቁ እርሱ ነበር። የተከፋሁት ለሌለ ነገር መክፈሌን ሳስብ ነው። ንጹሕ ዘር ነኝ የሚል ውሻ የትውልድ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ባለ 15 አኃዝ የማይክሮቺፕ ቁጥርም በእንስሳት ሐኪሙ መሣሪያ ከቆዳው ሥር ከሚነበበው ጋር መመሳሰል አለበት። ወረቀቱ ከሌለ ዋጋውን የክልስ ዋጋ አድርገው ይደራደሩ።

ቡችላውን ከእናቱ ጋር ሳያዩ አይግዙ። ቢቻል ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ አመሻሹ ላይ ይሂዱ፤ እናቲቱ ለእንግዳ የምታሳየው ጠባይ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። የምትደበቅ ወይም ባለቤቷ እንኳ ሊይዛት የሚፈራ ከሆነች ልጆቿን ይተዉ። ስምንት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ ሻጩ ቢለምንዎትም አይውሰዱ። ከዚያም የበግ አጎዛ ቁራጭ በገመድ አሥረው በሣሩ ላይ ጎትተው በቁጥቋጦ ሥር ይደብቁት። ዐይኑን ትቶ በአፍንጫው የሚከተለው፣ ዱካው ሲጠፋበትም ተመልሶ የሚፈልገው ቡችላ አዳኝነት አለው። ከኋላው የድስት ክዳን መሬት ላይ ይጣሉ፤ መደንገጡ የጤና ነው፤ መመልከት ያለብዎት ከስንት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ክዳኑን ለማሽተት እንደሚመጣ ነው። ድዱ ሮዝ፣ ዐይኑ ጥርት ያለ፣ እምብርቱ ያላበጠ መሆን አለበት። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠር ከሆነ የሆድ ትል ሳይኖርበት አይቀርም፤ ይህ ይታከማል፤ ግን ሻጩ ስለ ቡችሎቹ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ይነግርዎታል።

የምግብ ወጪውንም አስቀድመው ያስሉ። 35 ኪሎ የሚመዝን ንጹሕ ሪጅባክና 20 ኪሎ የሆነ ክልስ የሚበሉት እኩል አይደለም፤ ደረተ ጥልቁ ትልቅ ውሻ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ቢሮጥ ጨጓራው ተጠምዝዞ ሊሞት ስለሚችል ምግቡ በሁለት ተከፍሎ መሰጠት አለበት። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበት በጥሬው አይስጡ። በሳንባው ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እጢ በውሻው አንጀት ውስጥ ወደ ትንሽ የኮሶ ትል ዓይነት ይለወጣል፤ ከዚያም ዕንቁላሉ ከውሻው ጠጕር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጃቸውም ወደ አፋቸው ይደርሳል። ቀቅሎ መስጠት ይህን ያስቀራል።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ በዳርቻው ለሚኖርና ለሥልጠና በቂ ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ወላጆቹ የታወቁ የመጀመሪያ ትውልድ ክልስ እመርጣለሁ። ንጹሑን የምመርጠው አንድ የተወሰነ ችሎታ ለሚፈልግ፣ ውሻውን በየቀኑ ለሚያሠራና ለሐኪም የሚከፍለው ላላጣ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ጠጕሩ ለውርጩ የሚበቃ ዘር ይምረጥ። በሁለቱም ጊዜ ከሻጩ ጋር አጭር ውል ይጻፉ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም አይቶት ሕመም ቢገኝበት ቡችላው እንዲመለስ ይስማሙ። ዕለቱን ሲወስዱትም እናቱ ከተኛችበት ጨርቅ ቁራጭ ይለምኑና በመኝታው ውስጥ ያኑሩለት፤ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚያለቅሰውን ልቅሶ ያሳጥርለታል።