ገንዳው ሲሸት፣ ሲያቃጥል፣ አረፋ ሲያወጣ፦ ከመጨመራችሁ በፊት መርምሩ

የመዋኛ ገንዳ ውሃ ሲበላሽ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያነሳው የክሎሪን ባልዲውን ነው። እባካችሁ መጀመሪያ የውሃ መመርመሪያውን አንሱ። ነጻ ክሎሪን (ከቆሻሻ ጋር ገና ያልተዋሃደው) በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት መለኪያ) ደግሞ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆን አለበት። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የገንዳው ዙሪያ በምን ታጠበ?

ሽታው ያፍናል፣ ዓይን ያቃጥላል

"ክሎሪን በዝቷል" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። የሚሸተው ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ይፈጠራል። ዳሩ አሞኒያ ባለው ማጽጃ ታጥቦ እጣቢው ውሃው ውስጥ ከገባም ያው ነው። ጠቅላላ ክሎሪኑን (የነጻውንና የተዋሃደውን ድምር) ለክታችሁ ነጻውን ቀንሱለት። ልዩነቱ በሊትር ከ0.4 ሚሊ ግራም ካለፈ የልዩነቱን 10 እጥፍ ያህል ክሎሪን በአንድ ጊዜ ጨምሩ። ገንዳው ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮቱን ክፈቱ። የክሎሪኑ መጠን ወደ ወትሮው እስኪወርድ ማንም አይግባ። ከዚህ በኋላ ዳሩ ሲታጠብ እጣቢው ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ክሎሪን ቢጨመርም ለውጥ የለም

ፒኤቹን እዩ። 7.2 ላይ ከነጻው ክሎሪን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጀርም በደንብ የሚገድለው ዓይነት ነው፤ 8 ላይ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ፒኤቹን በአሲድ አውርዱ። አሲዱን ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ እየሠራ፣ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

ክሎሪን መኖሩን የሚያሳየው የመመርመሪያው ሮዝ ቀለም ብልጭ ብሎ ከጠፋ ደግሞ ክሎሪን አለቀ እንዳትሉ። ክሎሪን ከመጠን በላይ ሲሆን ራሱ ቀለሙን ያነጣዋል። ናሙናውን ክሎሪን በሌለው የተጣራ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙት።

አረፋ፣ ድፍርስ

አረፋው የሳሙና ቅሪት ወይም ከልክ ያለፈ የአልጌ ማጥፊያ ነው። ምንጩን አቁሙ፤ ካልጠፋ ውሃውን በከፊል ቀይሩ። ሲደፈርስ ማጣሪያውንና ፒኤቹን ፈትሹ። ወለሉ ላይ ያለው የውሃ መውጫ በግልጽ ካልታየ ግን ገንዳውን ወዲያው ዝጉ። የሰመጠ ሰው አይታያችሁምና።

ድንገት ሳል፣ የሚያፍን ጋዝ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የሴራሚክ ማጽጃ አሲድ ከበረኪና ጋር ሲቀላቀልም እንደዚያው።

ሳይታሰብ የሚያጋጥመው ግን ቧንቧው ውስጥ ነው። ፓምፑ ቆሞ የኬሚካል መጋቢዎቹ (አሲድና ክሎሪን በራሳቸው የሚጨምሩት መሣሪያዎች) መሥራታቸውን ከቀጠሉ አሲዱና ክሎሪኑ ቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማሉ። ፓምፑ ሲነሳ ጋዙ በውሃ ማስገቢያዎቹ በኩል ዋናተኞቹ መሃል ይወጣል። መፍትሄው ፓምፑ ሲቆም መጋቢዎቹም አብረው እንዲቆሙ አድርጎ ማገናኘት ነው። ፓምፑ ቆሞ ከነበረ ደግሞ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻ አስነሱት።

የዱቄትና የእንክብል ክሎሪንንም አትቀላቅሉ፤ እሳት ሊያስነሱ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ለእያንዳንዱ የራሱ ማንኪያ ይኑረው። ምንጊዜም ኬሚካሉን ወደ ውሃ እንጂ ውሃን ወደ ኬሚካል አትጨምሩ።

ጋዙ ከወጣ ሰዎቹን ነፋሱ ወደሚሄድበት ሳይሆን ወደሚነሳበት አቅጣጫ አርቁ። ሳሉ ያልቆመለትን ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው "ይሻለዋል" ብላችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና ውሰዱት።