ከንቲባውን ብቻ ማየትና ሌሎች ስህተቶች፦ ምርጫ በአንዲት ትንሽ የፊሊፒንስ ከተማ

ዱባይ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ፊሊፒናዊት ነበረች። ሁላችንም «አቴ» እንላታለን። በታጋሎግ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ለእኛ ለሐበሾቹ ግን ከ«እቴ» ጋር ስለሚቀራረብ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው አፋችን የለመደው። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2025፣ ሰኞ ዕለት፣ ሚንዶሮ ደሴት ላይ ያለችው የትውልድ ከተማዋ ከንቲባ፣ ምክትል ከንቲባና ስምንት የምክር ቤት አባላት ልትመርጥ ነበር። ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ አቴ ስልኳን የሳሙና ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ከእናቷ ጋር ትከራከራለች፤ እኔ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዤ አዳምጣለሁ። ያልገባኝን እየቆየች ታስረዳኛለች። ከእሷ የሰማሁትን ኋላ ሕጉን ካነበብኩት ጋር ሳስተያየው፣ ሰው በዚህ ምርጫ ደጋግሞ የሚሳሳትባቸው ጉዳዮች እነዚህ ናቸው።

«ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ድምፄም ይቆጠራል»

ይህ የራሷ የአቴ ስህተት ነበር። በውጭ አገር መራጭነት ስትመዘገብ ከንቲባዋንም ከዱባይ ሆና የምትመርጥ መስሏት ነበር። ውጭ ሆኖ ድምፅ የሚሰጥ ፊሊፒናዊ ግን የሚመርጠው ፕሬዚዳንት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሴናተሮችና የፓርቲ ዝርዝር ተወካዮችን (መራጩ ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ ድምፅ ሲሰጥ ምክር ቤት የሚገቡትን) ብቻ ነው። የ2025ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ስላልነበረበት ለእሷ የደረሷት 12 ሴናተሮችና አንድ የፓርቲ ዝርዝር ናቸው። የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛችው እሷ ናት፤ የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልከውም እሷ ናት፤ ስለ ከንቲባው ግን ድምፅ የላትም። ገንዘብ የሚልክ ሰው የቤቱ ጉዳይ ሲወሰን በስልክ መስማት ብቻ እንደሚደርሰው እኛም አናጣውም።

አገር ቤት ያለውም ቢሆን ሁለት መደበኛ ምርጫዎች በተከታታይ ከቀረ ምዝገባው ይታገዳል፤ ለማስመለስ አስቀድሞ ማመልከት አለበት። የምርጫው ቀን ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ማወቅ ጥቅም የለውም።

ከንቲባውን ብቻ ማየት

ትልቁ ስህተት፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ነው። «ማንን ትመርጫለሽ?» ሲባል ሁሉም የሚጠራው የከንቲባውን ስም ነው። ፖስተሩ ላይ የሚገዝፈው የእሱ ፊት ነው፤ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪናም የእሱን ስም እያዜመ ይዞራል። ሌሎቹ ከሥሩ እንደ ሠርግ ፎቶ ሚዜዎች ተደርድረው ይታያሉ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ግን ሥልጣኑን እንደ ፖስተሩ አላከፋፈለም። ምክትል ከንቲባ ከንቲባው የሚሾመው ረዳት አይደለም። ለብቻው ይመረጣል፤ ከተቀናቃኝ ወገን ሊሆንም ይችላል። ዋና ሥራው «ሳንጉኒያንግ ባያን» የሚሉትን የከተማዋን ምክር ቤት መምራት ነው፤ ድምፅ የሚሰጠውም ምክር ቤቱ እኩል ሲከፈል ብቻ ነው። ከንቲባው ቢሞት ወይም ከሥልጣን ቢነሣ ወንበሩን የሚረከበው እሱ ነው። የእሱን ቦታ ደግሞ ከስምንቱ አንደኛ የወጣው ይይዛል። ስለዚህ ከስምንቱ ማን አንደኛ ወጣ የሚለው የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ገንዘቡም በእነሱ እጅ ያልፋል። በሕጉ መሠረት ከብሔራዊ ግብር 40 በመቶው ለአካባቢ መንግሥታት ይከፋፈላል፤ ከዚያ ውስጥ 34 በመቶው የአቴ ከተማን ለመሳሰሉ ሙኒሲፓሊቲዎች ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ድርሻው ከሁሉም ብሔራዊ ግብሮች፣ ጉምሩክንም ጨምሮ፣ እንዲሰላ ከወሰነ በኋላ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለትንንሾቹ ከተሞች የሚደርሰው ገንዘብ ከፍ ብሏል። በጀቱን የሚያዘጋጀው ከንቲባው ነው፤ የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤቱ ነው። ካላጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል፤ ያውም ለደመወዝ፣ ለተገቡ ግዴታዎችና ለዕለት ሥራ ማስኬጃ እንጂ አዲስ መንገድ ለመሥራት አይደለም።

የአቴ እናት ይህን በራሳቸው ደጅ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለከንቲባው ብቻ አስበው መረጡ፤ ለስምንቱ ግን መንገድ ላይ በታደለ ወረቀት ላይ ያገኟቸውን ስሞች ገለበጡ። ወረቀቱ የተቀናቃኙ ወገን ነበር። የወደዱት ሰው ከንቲባ ሆነ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በጀቱን ይዞ ተቀመጠ። ወደ ሩዝ ማሳው የሚወስደው መንገድ ዝናብ ሲጥል ዛሬም ውሃ ይቋጥራል። አቴ ይህን ስትነግረኝ የአንሶላውን ጫፍ ከእጄ ነጥቃ ብቻዋን አጠፈችው።

ስምንት ሲባል ዘጠኝ ማጥቆር

ድምፅ መስጫው ላይ ከስሙ አጠገብ ያለች ትንሽ ሞላላ ክብ ትጠቆራለች፤ የሚቆጥረው ማሽን ነው። ለምክር ቤቱ ዘጠኝ ያጠቆረ ሰው የምክር ቤት ድምፁን በሙሉ ያጣል፤ ለከንቲባ የሰጠው ግን አይነካበትም። ከስምንት በታች ማጥቆር ችግር የለውም። የማያውቁትን ሰው ቁጥር ለመሙላት ብሎ ማጥቆር ከዘጠኙ ስህተት እምብዛም አይሻልም። ማሽኑ የሚያወጣውን ደረሰኝ አንብቦ እዚያው ሳጥን ውስጥ መክተት ግዴታ ነው። ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ድምፅ የገዛ ሰው ማስረጃ ይፈልጋልና።

ፖስታው

ድምፅ የሚገዛ እጩ በር ለበር አይዞርም። ፖስታውን የምታመጣው ጎረቤት ናት፤ ወይም የልጅ የክርስትና እናት፣ ወይም ዓሣ በዱቤ የምትሰጥ ነጋዴ። «ሊደር» ይሏታል። እጇ ላይ ባለው ዝርዝር በእያንዳንዱ ቤት ስንት መራጭ እንዳለ ተጽፏል። ከምርጫው ሁለት ቀን በፊት የአቴ እናት ፖስታውን በስልኩ ካሜራ ፊት ከፈቱት፤ ባለ 500 ፔሶ ኖት በስም ዝርዝር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «እንዴት ብዬ ልመልስላት?» አሉ። «ባለፈው ዓመት ታምሜ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት።»

የፊሊፒንስ ሰው ከውስጥ የሚሰማውን የውለታ ዕዳ «ኡታንግ ና ሎኦብ» ይለዋል። ፖስታው የሚጓዘው በዚህ ዕዳ ላይ ነው፤ ገንዘቡማ በሁለት ቀን ሩዝ ሆኖ ያልቃል። «ገንዘቡን ውሰድ፣ የወደድከውን ምረጥ» የሚል ምክርም በአገሩ የቆየ ነው። ብልህነት ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ወድጄው ነበር። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የምርጫ ሕግ ግን ሰጪና ተቀባይን አይለይም፤ ቅጣቱ ለሁለቱም ከ1 እስከ 6 ዓመት እስራት ነው፤ የመምረጥ መብትንም ያሳጣል።

ሒሳቡንም እንየው። ፓርቲ ያለው የአካባቢ እጩ ለዘመቻው እንዲያወጣ የተፈቀደለት በአንድ መራጭ 3 ፔሶ ነው፤ የፓርቲ ድጋፍ የሌለው 5 ፔሶ። 20,000 መራጭ ባላት ከተማ የባለ ፓርቲው ጣሪያ 60,000 ፔሶ ይሆናል ማለት ነው። በ500 ፔሶ ሒሳብ ይህ 120 ፖስታ ነው፤ ፖስተሩ፣ መኪናው፣ ነዳጁ ሳይጨመር። መንገድ ሙሉ ሰው ፖስታ ከደረሰው፣ ትርፉን ማን ከፈለው፣ ከየትስ ያስመልሰዋል? አቴ ይህን ለእናቷ ስትደምርላቸው እናትየው ኖቱን መልሰው ፖስታው ውስጥ ከተቱት። ለሊደሯ መልሰውላት እንደሆነ አልነገሩንም፤ አቴም አልጠየቀችም።

«ሦስት ዘመኑን ስለጨረሰ ተገላገልን»

አንድ ከንቲባ የሚመረጠው ለ3 ዓመት ነው፤ በተከታታይ ከሦስት ዘመን በላይ መቀመጥ አይችልም። ዘጠኝ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ ሚስቱ ለከንቲባነት ትወዳደራለች፤ እሱ ለምክትልነት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የፖለቲካ ቤተሰቦችን «በሕግ እንደሚተረጎመው» ይከለክላል፤ የሚተረጉመው አጠቃላይ ሕግ ግን ከአገሪቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ሳይወጣ አሥርተ ዓመታት አለፉ። ዘመዳሞችን በግልጽ የሚያግደው የወጣቶች ምክር ቤት ሕግ ነው። ለአሥራዎቹና ለሃያዎቹ ልጆች የተከለከለው ለአባቶቻቸው የተፈቀደ መሆኑ ያስቃል። ሕዝቡ የድሮውን ዓይነት ፖለቲከኛ «ትራፖ» ይለዋል፤ ቃሉ የወለል መወልወያ ጨርቅ ማለትም ነው።

እንዲህም ሆኖ የቤተሰብ ስም አይቶ ብቻ መጣልም ሆነ መምረጥ ስህተት ነው። ሆን ተብሎ ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው እጩ ሆኖ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የምርጫ ኮሚሽኑ እንዲህ ያሉትን የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ስሙን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው።

«አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል»

እዚያው ሚንዶሮ ውስጥ፣ በሳን ቴዎዶሮ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት የከንቲባ እጩዎች እያንዳንዳቸው 3,236 ድምፅ አገኙ። ሕጉ እኩል ሲሆን ዕጣ ይውጣ ስለሚል ከንቲባው ሳንቲም ተወርውሮ ተለየ። የዚያን ቀን ሩዝ ሲያጭድ ውሎ ሳይመርጥ የቀረ ሰው ካለ፣ ሳንቲሙን የወረወረው እሱም ነው።

ለእጩዎችም አንድ ነገር

«ተሸንፌያለሁ፣ አበቃ» ማለት አይሠራም። ያሸነፈም የተሸነፈም በ30 ቀን ውስጥ የዘመቻ ገቢና ወጪውን ማቅረብ አለበት። ያላቀረበ አሸናፊ ወንበሩን አይረከብም፤ ሁለተኛ ጊዜ የደገመው ሰው ደግሞ ከሕዝብ ሹመት ለዘለቄታው ይታገዳል።

የዚያ ሰኞ ምሽት ድርብ ፈረቃ ላይ ነበርን። እዚያ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል አቴ ደወለች። እናቷ «ከንቲባው አሸነፈ!» እያሉ ጀመሩ።

«ናናይ፣ እሱን ተዪው» አለች። «ከስምንቱ አንደኛ የወጣው ማነው?»

እናትየው መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ። እኛ የአንሶላውን አራት ጫፎች ይዘን ቆመን ጠበቅን።