ዘመድ ጥየቃ ከትንሽ ልጅ ጋር፦ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አትድገሚ

ልጄ መሬት ላይ የተዘረረችው ሦስተኛው ቤት በር ላይ ስንደርስ ነው። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አክስቴ በጉጉት ሲጠብቁን ነው የዋሉት። በሩን ከፍተው "ውይ የኔ ቆንጆ!" ከማለታቸው ጩኸቷ ሰፈሩን አዳረሰው።

"ምነው፣ ልጅቷን አሟታል እንዴ?" አሉ ደንግጠው።

ምንም አላመማትም። ገና ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ቤት ዞራለች፤ ከአንዱ እቅፍ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ውላለች፤ የቀን እንቅልፏን አልተኛችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን መዘረሬ አይቀርም ነበር።

የዚያን ቀን ጥፋት የኔ ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ ይዘን ብዙ ዘመድ ጠይቀናል፤ አንዳንዱን ስህተት ደጋግሜ ሠርቼው ነው የተውኩት። አሁን መለስ ብዬ ሳየው አብዛኛው ምንጩ አንድ ነው። ከቤት ስንወጣ የምናስበው ማን እንደሚቀየመን ነው። የልጅቷ ሰዓት ትዝ የሚለን እሷ ማልቀስ ስትጀምር ነው።

ሁሉንም ቤት በአንድ ቀን ማዳረስ

"እነሱ ጋ ሄዳችሁ እኛን ዘለላችሁን?" የምትለዋን ነገር በመፍራት ነው ሁላችንም ሦስት አራት ቤት በአንድ ቀን የምንደረድረው። ለአዋቂ ሰው ይሄ ቀላል ነው፤ ሰላምታ፣ ወሬ፣ ስንብት፣ ቀጣይ። ለትንሽ ልጅ ግን እያንዳንዱ ቤት አዲስ ሽታ፣ አዲስ ድምፅ፣ አዲስ ፊት ነው። አንዱን ቤት ለምዳ መጫወት ስትጀምር አንስተሽ ወደ ሌላው ትወስጃታለሽ፤ እንደገና ከዜሮ።

እኔ አሁን የምከተለው አንድ ቀን አንድ ቤት ነው። ዘመዱ ብዙ ከሆነ ደግሞ እኛ ከምንዞር እነሱ አንድ ቤት ቢሰበሰቡ ይቀላል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሐሳብ ሳቀርብ ትንሽ ኩርፊያ ነበር። ልጅቷ ስትስቅና ስትሮጥ ሲያዩ ግን ኩርፊያው ቶሎ ረገበ፤ የምታለቅስ ልጅ እየዞርን ከማሳየት ይሻላል። በሁለት ጉብኝት መሀል ደግሞ ምንም ፕሮግራም የሌለው ቀን እንተዋለን። የትም ሳይወጡ ቤት መዋል።

ሌላው፣ የምትሄጂበትን ሰዓት ገና ስትደርሺ ተናገሪ። "እስከ እንቅልፏ ሰዓት ነው የምንቆየው" ብለሽ በር ላይ ካልሽ፣ በኋላ ስትነሺ ማንም "ምን አስቸኮላችሁ?" አይልሽም። ማለቱማ ይላል፤ ግን ለወጉ ነው።

"መኪና ውስጥ ትተኛለች"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳልኳት! መኪና ውስጥስ ትተኛለች። ግን ሩብ ሰዓት ተኝታ በር ላይ ስትደርሱ ትነቃለች። ያቺ እንቅልፍ ከምንም የባሰች ናት። ድካሟን አታወጣላትም፤ ግን ተመልሳ እንዳትተኛ ትበቃለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለባቸው። 3 እና 4 ዓመት የሆናቸው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት። ዘመድ ጋ ስንሰነብት ልጄ የምታገኘውን አንድ ቀን ቆጥሬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ለካ "እዚህ መጥታ ጠባይዋ ተበላሸ" የምንለው እንቅልፍ ነው የጎደላት።

የደከመች ልጅ ሁልጊዜ የደከመች አትመስልም። መጀመሪያ ዓይኗን ታሻለች፣ ጆሮዋን ትጎትታለች፣ አንድ ቦታ ላይ ትፈዝዛለች። ያን ጊዜ ካላስተኛሻት ድንገት ትነቃቃለች። ትሮጣለች፣ ትስቃለች፣ ሶፋ ላይ ትወጣለች። ዘመድ ደግሞ "እዩዋት እንጂ ስትጫወት! መች እንቅልፏ መጣና!" ይልሻል። አትመኚ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለቅሶ ነው።

እንደደረስሽ ጸጥ ያለ ክፍል ካለ ጠይቂ። ለቅሶ ከጀመረች በኋላ ክፍል ፍለጋ መሯሯጥ ለማንም አይመችም። ቤቷ የምትተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቢው ያዢላት። የቤቷን ሽታ ስታገኝ ቶሎ ትረጋጋለች፤ ለእኛ ቢያንስ ሠርቷል። ልጅሽ ከዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ለብቻው በጀርባው፣ ጠንከር ባለና ሜዳ በሆነ ነገር ላይ፣ ያለ ትራስ ነው መተኛት ያለበት። እንግዳ ቤት ስለሆንን ብሎ ሶፋ ላይ ማስተኛት አደጋ አለው፤ ሕፃን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሀል ተቀርቅሮ ሊታፈን ይችላል።

"ሰው ሞልቷል፣ ያዩዋታል"

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ልጅ መጠበቅ ላይ ግን ይሄ ተረት አይሠራም። አሥር ሰው ባለበት ቤት ልጅ የሚያይ ሰው የለም። እያንዳንዱ ሌላው እያያት ነው ብሎ ያስባል።

አንድ ጊዜ ሳሎን ተቀምጠን እያወራን የሆነ ነገር ሲንሿሿ እሰማለሁ። ቅጭልጭሏ መሰለኝ። ሁለት ሦስት ደቂቃ እየሰማሁ ወሬዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቅጭልጭሏን ቤት ትተናት ነው የመጣነው። ዘወር ስል ልጄ ከሶፋው ጀርባ ቁጭ ብላለች። ከእናቴ ቦርሳ የደም ግፊት ኪኒን ብልቃጥ አውጥታ በሁለት እጇ እያንሿሿች ነው። ክዳኑ ግማሽ ድረስ ዞሯል። ስምንት አዋቂ ሰው ነበርን ክፍሉ ውስጥ። ስምንት!

እናቴ ምን ታድርግ፣ ቤቷ ትንሽ ልጅ ካደገ ስንት ዓመቱ። ኪኒኗን በቦርሳ መያዝ ለእሷ ልማድ ነው። ስለዚህ አሁን የትኛውም ቤት ስገባ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለዚህ ነው የማውላቸው። በርከክ ብዬ ቤቱን በልጅቷ ቁመት አየዋለሁ። ቁመቷ ላይ ስትሆኚ ሌላ ቤት ነው የሚታይሽ። ትኩስ ነገር የተቀመጠበት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ሊጎተት የሚችል የጠረጴዛ ልብስ፣ መሬት ላይ የተቀመጠ የእንግዳ ቦርሳ፣ በር የሌለው ደረጃ፣ ውሃ ያለበት ባልዲ። ባልዲውን አትናቂው። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ሊሰጥም ይችላል፤ ያውም ሳይጮህ።

ሌላዋ የማትታይ ነገር እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ናት። የመኪና ቁልፍ፣ ሪሞት፣ የሚዘፍን የልደት ካርድ ውስጥ ትገኛለች። ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ልታቃጥል ትችላለች። ውጣለች ብለሽ ከጠረጠርሽ እንዲያስመልሳት ብለሽ ጊዜ አታጥፊ፤ ወዲያው ድንገተኛ ሕክምና ወዳለበት ውሰጃት።

እና ደግሞ ጠባቂውን በስም ጥሪ። "እስኪ እዩዋት" ማለት ለማንም አለማለት ነው። እኔ "ወንድሜ፣ አሁን ተረኛው አንተ ነህ፤ እጄን ታጥቤ እስክመለስ ዓይንህን እንዳትነቅል" እላለሁ። "እሺ" እስኪል ከቦታዬ አልነቃነቅም። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

"ሳሚያቸው እንጂ!"

ከ8 ወር አካባቢ ጀምሮ ልጅ አዲስ ፊት መፍራቱ የዕድገቱ አንድ ክፍል ነው። እናቱን ከሌላው ሰው በደንብ መለየት ጀመረ ማለት ነው። እኛ ግን ዘመድ እንዳያዝን ብለን፣ ፊቷን ደረታችን ውስጥ የደበቀችውን ልጅ መንጭቀን እንሰጣለን። አጎቷ ያቅፋታል፣ እሷ ትጮኻለች፣ እሱ ያፍራል፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማን ተጠቀመ?

እኔ አሁን መጀመሪያ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። ለዘመዱ "ትንሽ ጊዜ ስጧት፣ ራሷ ትመጣለች" እላለሁ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሄደው ምንም ወዳልጠየቃት ሰው ነው። ጥግ ይዞ ቁልፉን የሚያሽከረክረው፣ ዝም ያለው አጎት አለ አይደል? እሱ ጋ።

ጨቅላ ከሆነ ደግሞ የመሳሙ ነገር ከማፈርና ካለማፈር ያለፈ ነው። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ገና ጥቂት ሳምንት የሆነውን ሕፃን መሳም የለበትም። ቁስሉን የሚያመጣው ቫይረስ ለእኛ ቀላል ቢሆንም ጨቅላን በጽኑ ሊያሳምም ይችላል። ከመታቀፉ በፊት እጅ መታጠብ ደግሞ ለሁሉም ነው። መጀመሪያ ራስሽ ተነስተሽ ታጠቢ፤ ሌላው ይከተልሻል።

አፏ ውስጥ የሚገባውን ዝም ብሎ ማየት

ልጅን የሚወድ ሰው የሆነ ነገር ማቅመስ ይወዳል። ክፋት የለውም። ግን ዓመት ያልሞላው ልጅ ማር አይቀምስም፤ በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ ገና ባልጠነከረ የሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ያመጣል። ለውዝ፣ ፈንዲሻና ደረቅ ከረሜላ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች የመታነቅ አደጋ አላቸው። የወይን ፍሬ ከሆነ በቁመቱ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው።

አስቸጋሪው መከልከሉ ሳይሆን አከለካከሉ ነው። "አይሆንም" ስትዪ ትልቅ ሰው ይቀየምሻል። "ሐኪሟ ከልክሏታል" ስትዪ ግን ሁሉም ዝም ይላል። እውነት ለመናገር ሐኪሟን ሁልጊዜ ጠይቄ አይደለም።

"ቅርብ ነው እኮ፣ እቀፊያት"

የዘመድ መኪና ውስጥ የልጅ ወንበር ብዙ ጊዜ የለም። ሰው ይበዛል፣ መንገዱ አጭር ነው፣ ልጅቷ ጭን ላይ ትሆናለች። መኪና ሲጋጭ ግን የሚወነጨፈውን ልጅ በክንድ መያዝ የሚችል ሰው የለም፤ ጡንቻ ያለውም ቢሆን። ወንበሯን ይዘሽ ሂጂ። ካልሆነ ቅርብ ነው የተባለው ቦታ እውነትም ቅርብ ከሆነ በእግር ይኬዳል።

"አንዴ ዕቃ ላስገባ" ብሎ የተኛችን ልጅ መኪና ውስጥ ጥሎ መግባትም አለ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር ይችላል። መስኮቱን ትንሽ መክፈት እምብዛም አይረዳም። ዘመድ ቤት ደግሞ "አንዴ" የሚባለው ነገር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ታውቂዋለሽ።

ስለ ቦርሳ ባጭሩ

ለልጅሽ ሁለት ቅያሪ፣ ለራስሽ አንድ ሸሚዝ። የራስሽን ከረሳሽ ቀኑን ሙሉ ትውከት እየሸተትሽ ትውያለሽ። አሻንጉሊት አንድ ይበቃል፤ የሰው ቤት ማንኪያና ክዳን ይበልጥባታል።

የማያልቅ ስንብት

"በሉ እንግዲህ" ከተባለ በኋላ ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ። ስንነሳ ልጅቷን ጃኬት አልብሰን፣ ኮፍያ ደፍተን፣ ጫማ አጥልቀን በር ላይ እናቆማታለን። ከዚያ ስለማያልቀው የዘመድ ጉዳይ ወሬ ይጀመራል። እሷ በላብ ተጠምቃ ታያለች። መጀመሪያ ትነጫነጫለች፣ ከዚያ ኮፍያውን ወርውራ ትቀመጣለች። ጉብኝቱ ጥሩ ሆኖ ቢያልፍም ሁሉም የሚያስታውሰው ይሄን መጨረሻውን ነው።

ከባለቤቴ ጋር ምልክት አለን። ሰዓቴን ሁለት ጊዜ ከነካሁ "መሄዳችን ነው" ማለት ነው። እሱ ስንብቱን ተቀምጦ ይጀምራል፤ ይሳሳማል፣ ይመረቃል፣ ቃል ይገባል። ልጅቷን የማለብሳት እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው።

አክስቴ አሁንም ዋናውን ወሬ የሚያስታውሱት በሩ እጀታ ላይ እጃቸውን ካሳረፉ በኋላ ነው። ቆሜ እሰማለሁ፤ ልጄን አቅፌያለሁ፣ ሁለቱም ጫማዎቿ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።