በታዳጊዎች ባንድ ውስጥ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅን መደልደል

በባንድ ውስጥ አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚነፉ ልጆች የተለያየ ኖታ ይካፈላሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጎበዞቹን ሁሉ አንደኛ ድምፅ፣ ደካሞቹን ሁሉ ሦስተኛ ድምፅ ላይ ማሰለፍ ቀላሉ ድልድል ነው። ባንዱን የሚጎዳውም እሱው ነው። ሦስተኛ ክላርኔትም ሆነ ሦስተኛ ትራምፔት ብዙውን ጊዜ የኮርዱን (አንድ ላይ የሚሰሙትን ኖታዎች) የታችኛውን ወገን ይይዛል። እዚያ ኖታ በደንብ የሚያነብ ልጅ ከሌለ ከ8 ባር ዕረፍት በኋላ ደፍሮ የሚገባ ይጠፋል፤ ዜማው ይሰማል፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ ራሱ ቆጥሮ የሚገባ ቢያንስ አንድ ልጅ ይመድቡ።

ልጆቹን ከመስማትዎ በፊት ኖታውን ይመርምሩ። በየድምፁ ከፍተኛውን ኖታ፣ ያለ ዕረፍት የሚነፋበትን ረጅሙን ቦታ፣ ሶሎውንና ሌላ መሣሪያ ሳያግዘው ብቻውን የሚቀርበትን ባር በእርሳስ ያክብቡ። አንዳንዴ ሁለተኛው ከአንደኛው ይከብዳል፦ አንደኛው ዜማውን ይዞ ሲሄድ ሁለተኛው በምቶቹ መካከል እየገባ መጫወት አለበት።

ከዚያ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው 5 ደቂቃ ያህል ይስሙ። የሚያውቀውን አንድ ስኬል፣ አይቶት የማያውቀውን 8 ባር፣ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) በደቂቃ 60 ምት ላይ ሆኖ ደግሞ ለ12 ምት የሚያዝ አንድ ረጅም ድምፅ ያስጫውቱት። ጣቱን፣ ንባቡን፣ ትንፋሹን በቅደም ተከተል ያያሉ።

ለክላርኔት አንድ ፈተና ይጨምሩ። ከታች ሁለተኛው ክፍተት ላይ ካለው ላ፣ መሐል መስመር ላይ ወዳለው ሲ ሳይቆራረጥ ይሻገር። ላ ላይ አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭኖ የነበረ እጅ፣ ሲ ላይ ቀዳዳዎቹን በሙሉ እኩል መድፈን አለበት። አንዷ ጣት ትንሽ ከተንሸራተተች ድምፁ ሲጥ ይላል ወይም ጭራሹን አይወጣም። ይህን ገና የሚታገል ልጅ ከሲ በታች የሚቆይ ድምፅ ይሰጠው። ለጀማሪ ባንድ በሚጻፉ ሥራዎች ብዙ ሦስተኛ ክላርኔቶች ይህን ድንበር እንዳይሻገሩ ታስቦላቸዋል።

ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ሲወርዱ የልጆቹን ቁጥር ያሳድጉት። 9 ክላርኔት ካለዎት 2 አንደኛ፣ 3 ሁለተኛ፣ 4 ሦስተኛ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከፍ ያለው ድምፅ በጥቂት ሰው ይሰማል፣ ዝቅ ያለው ሰው ይፈልጋል።

ትራምፔት ላይ ግን ዋናው ጉዳይ ከንፈር ነው። ከፍታው ያልደረሰለት ልጅ ማውዝፒሱን በኃይል ከንፈሩ ላይ ይጫናል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ቅኝቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሁለት ሥራ ተጫውቶ ሦስተኛው ላይ ከንፈሩ እምቢ ይለዋል። 6 ካሉ 2፣ 2፣ 2 ያድርጓቸውና አንደኛዎቹ ለስለስ ባሉ ቦታዎች ላይ ተራ በተራ ይረፉ። የትኛው ባር ላይ ማን እንደሚያርፍ ኖታው ላይ ይጻፍ፤ በቃል ከተባለ ኮንሰርቱ ላይ ሁለቱም ያርፋሉ።

በሆርን ልማዱ 1ኛና 3ኛ ከፍ ያለውን፣ 2ኛና 4ኛ ዝቅ ያለውን መያዝ ነው። አራት ድምፅ ተጽፎ ሁለት ልጅ ብቻ ካለ የኮርዱን ሦስተኛ (ለምሳሌ በዶ-ሚ-ሶል ውስጥ ሚን) የያዘውን ድምፅ አይተዉ፤ አምስተኛው (ሶል) ቢጎድል ያን ያህል አይታወቅም።

ልጆች «ሦስተኛ» ሲባሉ ደረጃ የወጣላቸው ይመስላቸዋል፤ ይህ ስሜት ቀላል አይደለም፣ መሣሪያውን እስከማስተው ይደርሳል። ስለዚህ ድልድሉን በየሥራው ይቀያይሩ፤ በአንዱ ሦስተኛ የነበረ በሌላው፣ ከፍታው በሚመጥነው ሥራ፣ አንደኛ ይሁን። ለምን እዚያ እንደተመደበም ይንገሩት። ከኮንሰርቱ 3 ሳምንት ሲቀር ግን መቀያየሩ ይቁም።

ለምት መሣሪያዎች በየሥራው አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ስኔር፣ ቤዝ ድራም፣ ሲምባል፣ ቲምፓኒ፣ ግሎከንሽፒል፣ ከጎናቸው የልጁ ስም። አንድ ልጅ ከሲምባል ወደ ግሎከንሽፒል የሚሄድ ከሆነ በመካከል ስንት ባር ዕረፍት እንዳለው ይቁጠሩ፤ መንገዱንም በልምምድ ላይ ራሱ ይራመደው። ለእያንዳንዱ ሶሎ ደግሞ ተተኪ ይኑር፤ ተተኪውም ከኮንሰርቱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሙሉ ባንዱ ጋር ይጫወተው።