ክሪኩ አላነሳ፣ ሞተሩ አልዞር ሲል፦ ተበላሽቶ ነው ወይስ አቅሙ ያው ነው?

ዕቃውን ፈታታችሁ መሬት ላይ ከመዘርጋታችሁ በፊት አንዲት ማካፈል ሥሩ። የሚነሳውን ክብደት በኪሎ ያዙና ለሚገፋው ገጽ ስፋት፣ በካሬ ሳንቲ ሜትር፣ አካፍሉት። ለዚህ ቁጥር እያንዳንዱ ዓይነት ገፊ የራሱ ጣሪያ አለው። ጡንቻ በካሬ ሳንቲ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይጎትታል፤ የአይጥ ጡንቻም የዝሆንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብረትና ማግኔት ቀጥታ ሲጎትቱ 16 ኪሎ አካባቢ ያበቃሉ፤ የሚያዞር ሞተር ጣሪያው ከዚህ በጣም ያንሳል፣ ወደታች እናየዋለን። የዘይት ክሪክ በመቶዎች ይሄዳል። የእናንተ ቁጥር ከጣሪያው በጣም ዝቅ ካለ ዕቃው ተበላሽቷል፣ ይጠገናል። ጣሪያውን ከነካ ግን ስትጠግኑት ብትውሉም ለውጥ የለም።

ችግር፦ ክሪኩ ያነሳል፣ ቆይቶ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል

ይሄ የአቅም ጉዳይ አይደለም። ወይ ጎሚኒው አልቋል፣ ወይ የቫልቭዋ ኳስ ሥር ቆሻሻ ገብቷል። ኳሷንና መቀመጫዋን አጽዱ፣ ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ዘይቱን አድሱ። የፍሬን ዘይት እንዳታደርጉበት ብቻ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ችግር፦ እጀታው ይወርዳል፣ ፒስቶኑ ግን ከነሸክሙ አይነቃነቅም

መጀመሪያ የዘይቱን ልክ እዩ፣ አየር ካለ አስወጡ። ያለ ሸክም በደንብ ከወጣና ሸክም ሲያይ ብቻ ከቆመ፣ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን መልሶ የሚለቀው) እየከፈተ ነው። ማለትም ሥራውን እየሠራ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ካቻቪቴ ያነሳና የቫልቩን ብሎን ያጠብቃል።

አንድ ደንበኛ እንዲህ አድርጎ የመጣ ጊዜ ጎሚኒ ቀየርንለት፣ ወዲያው አፈሰሰ። ሌላ ቀየርን፣ እንደገና አፈሰሰ። በኋላ ሲሊንደሩን ውስጡን ስንለካው መሃሉ ከአፉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፍቷል። ጎሚኒው ግድግዳውን መንካት አልቻለም ነበር። ሁለት ጎሚኒ ያቃጠልነው ቀድመን ባለመለካታችን ነው።

ስሌቱ ይኸውና። የ 40 ሚሊ ሜትር ፒስቶን ገጽ 12.6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 5 ቶን ሲያርፍበት በካሬ ሳንቲ ሜትር 400 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 10 ቶን ሲሆን 800። «እንግዲያው ግድግዳውን ወፍራም አድርገህ አስቆርጥ» የሚል ምክር ይመጣል። እስከ ተወሰነ ደረጃ ይረዳል፣ ከዚያ ግን አይረዳም። ግፊቱን በዋናነት የሚሸከመው የውስጠኛው ቆዳ ነው፤ ውጪ ያለው ብረት እየራቀ በሄደ መጠን እገዛው ይቀንሳል። ግድግዳው የፈለገውን ያህል ቢወፍር፣ ግፊቱ ብረቱ መለጠጥ ከሚጀምርበት ጫና ግማሽ ገደማ ላይ ሲደርስ ውስጡ ይለጠጣል። በካሬ ሳንቲ ሜትር 2500 ኪሎ ላይ የሚለጠጥ ተራ ብረት ከሆነ ጣሪያው 1250 አካባቢ ነው፤ ያውም ለጥንቃቄ ምንም ሳይተዉ።

መፍትሄ፦ ፒስቶኑን አስፉ፣ ወይም ጠንካራ ብረት ምረጡ። ሦስተኛው መንገድ በመድፍ አፈሙዝ ላይ የተሠራበት ነው፦ ጠበብ ያለ ቀለበት በእሳት አግሎ ከውጪ ማልበስ። ሲቀዘቅዝ ውስጡን አስቀድሞ ይጨምቀዋል፣ ግፊቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ጭምቅ መፍታት አለበት። ለክሪክ ግን ይሄ ሁሉ ድካም አያዋጣም፤ ትልቅ ክሪክ ግዙ።

ችግር፦ የወፍጮው ሞተር ያጓራል፣ ይግላል፣ አይዞርም

ሦስት ፌዝ ከሆነ አንዱ መቋረጡን በቴስተር እዩ፤ የተቃጠለ ፊውዝ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ኩሽኔታውን በእጅ አዙሩ። ከዚያ ሞተሩ በርቶ ሳለ ቮልቴጁን ለኩ። ማታ ማታ 380 የነበረው ወደ 310 ቢወርድ «ትንሽ ነው» አትበሉ። የሞተር ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ የቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነስ? ያኔ ወደ ጣሪያው መጥታችኋል። ብረት 2 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው) አካባቢ ማግኔት ይጠግባል። ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ብታጠጡት ሙቀት እንጂ ጉልበት እምብዛም አይጨምርም። በ 2 ቴስላ ቀጥታ ጉተታው 16 ኪሎ ነው፤ የሚያዞረው የጎን ግፊት ግን በተራ ሞተር ከግማሽ ኪሎ እንኳ ያንሳል። የኤክስካቫተር ክንድ በዘይት የሚገፋውም ለዚህ ነው። ጉልበቱን በእውነት የሚወስነው ደግሞ ሙቀቱ ነው፤ ኤሌክትሪኩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ብዙ ሞተር ላይ የሚገኘው ባለ «ኤፍ» ደረጃ የሽቦ መከላከያ (ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ የሚለየው) ደግሞ የተሠራው እስከ 155 ዲግሪ ነው። ሞተር ቢያስጠቀልሉት ወደ ድሮው ይመለሳል እንጂ ከድሮው አይበልጥም።

መፍትሄ፦ ፍጥነት ከተረፋችሁ ፑሌጋውን ቀይራችሁ በፍጥነቱ ጉልበት ግዙ። ካልሆነ ወፈር ያለ ሞተር ፈልጉ። ርዝመቱ እኩል ሆኖ የሚዞረው ክፍል ዲያሜትር እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ችግር፦ ረጅሙ የፒስቶን ዘንግ ጎበጠ

ብረቱ ደካማ አይደለም። የ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ አጭር ሆኖ ሲጨመቅ 8 ቶን ያህል ይችላል፤ 1 ሜትር ሲረዝምና ሁለቱ ጫፎቹ በፒን ሲታሰሩ 1.6 ቶን ላይ ይጎብጣል። ርዝመቱ ግማሽ ቢሆን አራት እጥፍ ይሸከም ነበር። ማሳጠር ካልቻላችሁ ቶርኖ ቤት 24 ሚሊ ሜትር አስወጡ፤ በ 4 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ብቻ መጉበጫው እጥፍ ይርቃል። የሲሊንደሩን አፍና ጎሚኒውንም አብራችሁ ማስፋት እንዳትረሱ።