ኮምፒውተር ሳይንስ ለመመዝገብ ከመቸኮላችሁ በፊት

በዲቪ የመጣ ሰው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ «ኮምፒውተር ሳይንስ ስንት ወር ይፈጃል?» ብሎ ይጠይቀኛል። የሚፈጀው ወር ሳይሆን ዓመት ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንዲት ጎበዝ ልጅ በማይሆን ፕሮግራም ተመዝግባ አንድ ዓመት እንደፈጀች ሰምቼ አንጀቴ ተቃጠለ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው። የምጽፈው በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ላላችሁ ነው።

በየቦታው የሚሰጠው የጥቂት ወር የሶፍትዌር ቴስቲንግ ስልጠና ሌላ ነው፤ ዲግሪው ሌላ። ባችለር ዲግሪ ወደ 120 ክሬዲት ነው። ሙሉ ጊዜውን ለሚማር አራት ዓመት፣ እየሠራ ለሚማር አምስትም ስድስትም ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከባዱ ነገር ሒሳብ ነው። ካልኩለስ አንድና ሁለት፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲስክሪት ማት። ኮርሶቹ ደግሞ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያውን ፕሮግራሚንግ ያላለፈ ሁለተኛውን አይወስድም። ሁለተኛውን ያላለፈ ዳታ ስትራክቸር (መረጃን ማደራጀት) የሚባለው ኮርስ አይገባም። ያለ ዳታ ስትራክቸር አልጎሪዝምም ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የለም። ለማለፍ ደግሞ አብዛኛው ትምህርት ቤት «ሲ» ይጠይቃል፤ «ዲ» ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። አንዷ ከወደቀች ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ።

ለዚህ ነው መግቢያ ላይ የሚሰጠውን የሒሳብ ምደባ ፈተና እንደ ቀላል ነገር ማየት የሚያናድደኝ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል በተፈጥሮ ሳይንስ የተማረ ሰው ሊሚትና ዴሪቫቲቭ ያውቃል። ግን ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ፣ አንድ ገጽ ሳይከልስ ይፈተናል። ከዚያ ለዲግሪው የማይቆጠር አልጀብራ ውስጥ ይመደባል። ካን አካዳሚ ነፃ ነው። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብላችሁ አልጀብራና ትሪጎኖሜትሪ ከልሱና ተፈተኑ። ይህቺ ብቻ አንድ ዓመት ልታተርፍላችሁ ትችላለች።

አሁን እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ረዘም ብልም ታገሡኝ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋና ዋና ሁለት ዓይነት የሁለት ዓመት ዲግሪ አለው። «አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ» ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገር የተዘጋጀ ነው። «አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ» ደግሞ በቀጥታ ሥራ ለሚገባ ሰው ነው። እኔ ያገኘሁት አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) በር ላይ ሌላ ተማሪ እየጠበቀው ነበር። ባችለር እንደምፈልግ እየነገርኩት «ይሄኛው ቶሎ ሥራ ያስገኛል» ብሎ ሁለተኛው ውስጥ ከተተኝ። ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳመለክት የኔትወርክና የሃርድዌር ኮርሶቼ ለኮምፒውተር ሳይንስ ሜጀር (ዋና ትምህርት) አልተቆጠሩልኝም። እንግሊዝኛውንና ጥቂት ጠቅላላ ኮርሶችን ተቀብለው ሒሳቡን ከታች ጀምር አሉኝ። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ። አድቫይዘሩን የሚጠይቀው የለም፤ ፊርማው የእኔ ነው።

ስለዚህ ከኋላ ጀምሩ። መጨረሻ የምትገቡበትን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ምረጡ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሜጀሩን የኮርስ ዝርዝር አትሙ። ከዚያ የኮሌጃችሁ እያንዳንዱ ኮርስ በምን እንደሚቆጠር እዩ። ሜሪላንድ ላይ አርትሲስ፣ ቨርጂኒያ ላይ ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባሉ ድረ ገጾች ይህንኑ ያሳያሉ። ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ደግሞ አድቫንስ የሚባል የጋራ ፕሮግራም አለ። አድቫይዘር በቃል የነገራችሁን በኢሜይል አስደግሙት። በጽሑፍ ያልያዛችሁት ነገር ነገ መከራከሪያ አይሆንም።

ስለ ክፍያ አጭር ላድርገው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ይሞላል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት ያገኛል፤ ብድር ስላልሆነ አይመለስም። የ2025–26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። ግን ከአገር ቤት ባችለር ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ፔል አይገባውም። «ዲግሪ የለኝም በል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ ለፌደራል መንግሥት በሐሰት መፈረም ነው፣ ለዜግነት ስታመለክቱም ሊመጣባችሁ ይችላል። ዲግሪ ካላችሁ ሁለተኛ ባችለር ከመጀመር የጎደሉ ኮርሶችን ሞልቶ ማስተርስ መግባት ይሻላል ባይ ነኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ የሚያስከፍለውን ዝቅተኛ ክፍያ ለማግኘት ደግሞ በሁለቱም ስቴቶች ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ይጠበቃል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ለዚህም ይጠቅማል።

ትምህርቱ ራሱ ምን ይመስላል? አንድ ፕሮጀክት ልንገራችሁ። የተማሪዎችን ስምና ውጤት ከፋይል አንብቦ፣ በውጤት ደርድሮ የሚያትም ፕሮግራም ጻፉ ትባላላችሁ። ቤታችሁ ስትሞክሩት ይሠራል። ስታስገቡት ግን የሚያርመው ሌላ ፕሮግራም ነው። ባዶ ፋይል ይሰጠዋል። እኩል ውጤት ያላቸው ሁለት ተማሪዎች ይሰጠዋል። ቁጥር በሚጠብቅበት ቦታ ፊደል ይሰጠዋል። የእናንተው ፕሮግራም አንዱ ላይ ይሰናከላል፣ ውጤታችሁም ያሽቆለቁላል። ሰኞ የተሰጠን ፕሮጀክት እሑድ ማታ የሚጀምር ሰው ይህን ሁሉ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ለአንድ ሰዓት ክፍል ቢያንስ ሁለት ሰዓት የቤት ሥራ ቁጠሩ። 12 ክሬዲት ስትወስዱ በሳምንት 36 ሰዓት ነው። በዚያ ላይ 40 ሰዓት መሥራት እንቅልፍን መሸጥ ነው። የግድ ሙሉ ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ኮርስ ይበቃል።

ኮድ በቴሌግራም የምትለዋወጡ ልጆች ደግሞ እባካችሁ ተዉ። እኛ ዘንድ መረዳዳት ነው፤ እዚህ ግን ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ይቀጣሉ። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ላይ የተሠራ ሞስ የሚባል ፕሮግራም ከ1994 ጀምሮ ኮድ ከኮድ ያመሳክራል። ኮዱ ውስጥ የሰጣችሁትን ስም (ቫሪያብል) መቀየር አያታልለውም። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ ከታገደ ደግሞ የመኖሪያ ሁኔታው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ያልገባችሁን ነገር ይዛችሁ ፕሮፌሰሩ ቢሮ በተመደበው ሰዓት ሂዱ። ማፈር ይበቃል፤ ሰውየው ለዚሁ ነው የሚከፈለው።

ኮርስ ከከበዳችሁ ዝም ብላችሁ አትጥፉ፤ «ኤፍ» ይሆናል። ዊዝድሮው ማድረግ (ኮርሱን በይፋ መልቀቅ) ይሻላል፣ ግን እሱም እንደተሞከረ ክሬዲት ይቆጠራል። ከሞከራችሁት ውስጥ ያለፋችሁት ኮሌጁ ካወጣው መጠን ሲያንስ፣ ብዙ ቦታ ከ67 በመቶ በታች ሲሆን፣ የገንዘብ እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል። ሁሉንም ኮርስ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ከተዋችሁ ደግሞ ከተሰጣችሁ ገንዘብ ከፊሉ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የዊዝድሮው ቀን ገደቡን ከሲለበሱ (ከኮርሱ መርሐ ግብር) ላይ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ከመልቀቃችሁም በፊት መጀመሪያ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ።